ሰይድ የሰማው ድምፅ

ጥር 20 ቀን 1933፣ መግሪብ ሲቃረብ

ሰይድ፣ ዛሬም ሽቦውን የዘረጋሁት አንተ እንዳልከው ነው። ከቁርቁራው ቅርንጫፍ እስከ ጎተራው፣ የልብስ ማስጫ አስመስዬ። የእማዬን ነጠላ አስጥቼበታለሁ። ማዳመጫውን እንዳንተ ግራ ጆሮዬ ላይ አደረግኩት። ምንም የለም። ያው ጫጫታ። ማሽላ በሰፌድ ሲነፋ የሚመስለው። ቁልፉን ቀስ አድርገህ አዙር ትለኛለህ። ቀስ አድርጌ አዞርኩ። አሁንም ማሽላ ነው።

የባትሪ ድንጋዮቹ እየደከሙ ነው። ሁለቱን ፀሐይ ላይ አውጥቻቸዋለሁ። ያኔ ስቀህብኛል፣ ድንጋይ እንደ በርበሬ አይሰጣም ብለህ። እስኪ ዛሬም ሳቅብኝ።

ድካም ነው። ከት/ቤት እስከ ቤት ያለው አቧራ ጉሮሮዬን ዘግቶታል። ማዳመጫውን ባለበት ትቼልሃለሁ። ስትመጣ ሞክረው።

ጥር 21

እማዬ ሰማችኝ። ጎተራ ውስጥ ስሙን እየጠራሁ ሳወራ ደርሳ። አልተቆጣችም። የሞተን ሰው በስሙ እየጠሩ ማዋራት ቀብሩ ውስጥ ዕረፍት ይነሣዋል፣ ዱዓ አድርግለት እንጂ አትጥራው አለችኝ። ድምጿ ከእኔ ይልቅ የደከመ ነው።

ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ የማወራው ካንተ ጋር ነው፣ ደብተሬ። ስሙን በሙሉ አልጽፍም። ሰ. እላለሁ። አምልጦኝ ከጻፍኩት ለእማዬ አትንገርብኝ።

አንተ እንግዳ ነህና ልንገርህ። ሰ. ታላቅ ወንድሜ ነው። ነበር። አባታችን ከሞተ ወዲህ ለእኔና ለትንሿ እህቴ አባትም እሱ። ድሬዳዋ ከአንድ አርመን ራዲዮ ጠጋኝ ዘንድ ሠርቷል። ጣሊያን ከገባ በኋላ ጀውሃ ላይ መኪና የሚጠገንበት ቦታ ተቀጠረ። ከተቃጠለ የጭነት መኪና ሽቦ፣ ከተጣለ ራዲዮ አንድ ቫልቮላ እያለ እያጠራቀመ ይቺን መስሚያ ሠራት። ቫልቮላ ማለት ትንሽ አምፖል የሚመስል ብርጭቆ ነው። የማይሰማውን የሚያሰማው እሱ ነው። ጣሊያን ቢያገኝብን ቤታችንን ያቃጥላል፣ እኛንም አይተወንም። ስለዚህ ጎተራ ውስጥ፣ ከማሽላው ሥር።

በታኅሣሥ መጨረሻ አንድ ቀን መግሪብ ላይ ከጎተራው እየሮጠ ወጣ። አማርኛ ሰማሁ አለ። ከባሕር ማዶ። የጠላት ጦር እየተሰበረ ነው፣ ልጆቻችሁን ለእሱ ጦር አትስጡ ይላል አለ። እየተንቀጠቀጠ ነበር የሚነግረን። የደስታ መሰለን። ሌሊቱን ገላው እሳት ሆነ። ንዳድ ነበር። በሳምንቱ ቀበርነው፣ አላህ ይዘንለት።

አሁን ሰፈሩ በሙሉ አንድ ቃል ነው። ሰይድ የሰማው ንዳዱን ነው።

ጥር 24

አጎቴ ይመር መጡ። የአባቴ ታናሽ ናቸው። ውሃ ጠጡ፣ እንደገና ውሃ ጠጡ። ከዚያ ተናገሩ።

ከጣሊያን ሠፈር ትእዛዝ ወጥቷል። ጎልማሳ ልጅ ያለው ቤት ሁሉ አንድ ልጅ ለባንዳ ይሰጣል። በየካቲት አጋማሽ ስም ይጻፋል። አጎቴ ያላቸው ልጅ እድሪስ ብቻ ነው። እኔ ለጊዜው ተማሪ ነኝ ተብዬ ተትቻለሁ። ከአጥራችን ማዶ ያሉት እትዬ ዘሀራም አንድ ልጃቸው ሁሴን ተጠርቶባቸዋል።

የአጎቴ ነገር ይህ ነው። ሰ. የሰማው እውነት ከሆነ እድሪስን ይደብቁታል፤ ጠላት ቤታቸው ድረስ ለመምጣት ዕድሜ አይኖረውም። የንዳድ ቅዠት ከሆነ ግን ልጅ መደበቅ ማለት ቤት ማስቃጠል ነው። ከላይ ባለው መንደር ያየነው ነው። ከብቱ ሳይቀር።

ዓይኔን አይተው ጠየቁኝ፤ ያ ድምፅ የገባው በወንድምህ ጆሮ ነው ወይስ በንዳዱ? አላውቅም አልኩ። እሱ ያስተማረው አንተን ነው፣ ፈልግና ንገረኝ፣ እስከ አርባው ዱዓ አሉኝ።

እስከ አርባው። ከየት ልጀምር?

ጥር 26፣ ከመግሪብ ሶላት በኋላ

የሰ.ን አለካክ ልጻፈው፤ እየጠፋብኝ ነው።

ጆሮ ውሸታም ነው ይል ነበር። ሲርበው ሌላ ይሰማል፣ ሲያዝን ሌላ። ድምፅን በጆሮህ አትመዝን፣ በማጥፋት መዝነው። በእርሳስ ወፍራም መስመር ይሰመራል፤ እስኪያብረቀርቅ እየደጋገሙ። አንዱ የማዳመጫ ጫፍ ከመስመሩ ራስ ይታሰራል። ሌላው ጫፍ በመርፌ ሆኖ መስመሩ ላይ ይሄዳል። ኤሌክትሪኩ ለሁለት ይካፈላል፣ ከፊሉ ወደ ማዳመጫው፣ ከፊሉ በእርሳሱ በኩል ይፈስሳል። መርፌው ወደ መስመሩ ራስ በቀረበ ቁጥር የሚፈስሰው ይበዛል፣ ማዳመጫው ይዳከማል። ድምፁ ድርግም ያለበት ላይ ቆመህ ከራሱ ያለውን ርቀት በጣት ትለካለህ። ጥቂት ጣት ከሆነ ድምፁ ብርቱ ነው። ብዙ ጣት ከሆነ ደካማ። በግምት ጣቱ በግማሽ ሲያጥር ድምፁ እጥፍ ነው።

መስመሩን ያሰመረው በልጅነት ቁርአን የቀራበት የእንጨት ሰሌዳ፣ የሉሁ ጀርባ ላይ ነው። ፊቱ ላይ ኸትም ሲያደርግ፣ ቁርአኑን ቀርቶ ሲጨርስ፣ የጻፈው አለ። ጀርባው ባዶ ነበር። እማዬ ያን ጊዜ አጉረምርማለች። እሱ ግን፣ ፊቱን መች ነካሁት እማ፣ ጀርባውም ቢሆን ሥራ አይፍታ አላት። ሳቀች። ያኔ ትስቅ ነበር።

የዛሬው ልክ። ሽቦው ተነቅሎ፦ 20 ጣት። ይህ የመስሚያዋ የራሷ ጫጫታ ነው፣ ደካማ። ሽቦው ተሰክቶ፦ 10። ይህ ከውጭ የሚገባው ነው። ጣሊያንኛ የሚያወራው ጣቢያ፦ 4። ከጫጫታው እጥፍ በላይ ነው፣ ቃሉ ይለያል። ሰ. እጥፍ ካልሆነ ንግግር አይለይም ይል ነበር።

መግሪብ ሲደርስ ግን ጫጫታው እንደ ክረምት ጎርፍ ባንዴ መጣ። 3 ጣት! ጣቢያው ሰጠመ። ሰ. አማርኛውን ሰማሁ ያለው ደግሞ በዚሁ ሰዓት ነው።

ከሰጠመው ውስጥ ምን ሊሰማ ይችላል?

ጥር 28

መስሚያዋ ጆሮ ያነሳት መስሎኝ ነበር። ሽቦውን አስረዘምኩት። ከቁርቁራው አሳልፌ በአጥሩ በኩል እስከ መንገዱ አፋፍ። ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። እሾሁ እጄን ቦጫጭቆታል።

ጫጫታው ከ10 ወደ 5። ደስ አለኝ። ጣቢያው ከ4 ወደ 2። ደስ አለኝ። ከዚያ ቁጭ ብዬ አሰብኩት። ሁለቱም እጥፍ ሆኑ። መካከላቸው ያው ነው። መግሪብ ላይም ያው ጎርፍ፣ ያው መስጠም።

አሁን ገባኝ። ሽቦው ሲሰካ ጫጫታው ካደገ መስሚያዋ እስከ ሰማይ ድረስ ትሰማለች ማለት ነው። ተጨማሪ ጆሮ ተጨማሪ ማሽላ ነው የሚያመጣው። ጆሮማ አላት። ጸጥታ ነው የጎደላት።

ሰይድ ቢኖር በአንድ ቃል ይነግረኝ ነበር። ሽቦውን ሰብስቤ መለስኩት። ሁለት ባንዶች በመንገዱ ሲያልፉ አጥሩን የምጠግን መስዬ ነበር።

የካቲት 1

እድሪስ መጣ። በአህያ ለጣሊያን ሠፈር ውሃ የሚቀዳው እሱ ነው። ከአህዮቹ አንዷን ሲኞራ ይላታል፤ ካልሰገዱላት አትሄድም።

ነገሩን ነገርኩት። መግሪብ ላይ ጫጫታው ለምን እንደሚመጣ አላወቅኩም አልኩት። አየኝ፣ አየኝ፣ ከዚያ ሆዱን ይዞ ሳቀ።

"አንተ፣ በመግሪብ ምን ይነሣል? የሠፈሩ መብራት ሞተር ነዋ! ለዚህ ነው የተማርከው?"

ወላሂ አላሰብኩትም። ያን ሞተር በየቀኑ እሰማዋለሁ። ከመልመዴ የተነሣ እንደ ራሴ ትንፋሽ ሆኖብኛል። ከመንገዱ ማዶ ጉብታው ላይ። ሲነሣ ብልጭታው በአየሩ ወደ ሽቦዬ ይመጣል ማለት ነው።

ከዚያ እድሪስ ሳቁን አቆመ። ሰ. ሰማሁ ባለበት ዕለት ሞተሩ ተበላሽቶ ነበር አለኝ። ሠፈሩ ጨለማ ነበር፤ ወጥ ቤቱ በጨለማ እጁን አቃጥሎ፣ ንዴቱን እሱ ላይ ተወጥቶ በጥፊ መትቶታል።

ልቤ ዘለለ። ወዲያው ወደቀ። መሄድ የማይፈልገው እድሪስ ራሱ ነው። የሚፈልገውን ሊያስታውስ ይችላል፣ ሳይዋሽ። ይህንኑ ነገርኩት። ባልነግረው ይሻል ነበር።

"ወንድምህን በጣት ለካኸው። እኔን በምን ልትለካኝ ነው? በክንድ?"

ሲኞራን እየነዳ ሄደ። ሰላም አላለኝም።

የካቲት 3፣ መግሪብ

8 ጣት!!

ሞተሩ እየሠራ፣ መብራቱ እየታየኝ፣ ጫጫታው 8 ጣት ላይ ጠፋ። ሦስት ጊዜ ለካሁ። 8፣ 8፣ 8። ጆሮዬ ያው ጎርፍ ነው ይለኛል፤ ጆሮ ግን ውሸታም ነው። የጣቢያው ልክ 4 ነው፣ ስለዚህ እጥፍ። ሞተር ኖረም አልኖረም መስማት ይቻል ነበር!

ሮጥኩ። እድሪስ በር ላይ አገኘኝ። አቅፎ አነሣኝ። ለአጎቴ ነገራቸው። አልሐምዱሊላህ አሉ፣ ደጋገሙት። እንግዲያው ለልጁ ስንቅ ይዘጋጅ አሉ።

ከብዙ ቀን በኋላ ራበኝ። ሁለት ቂጣ በላሁ።

የካቲት 4

ደብተሬ፣ የትናንቱን ገጽ ልቀደው ነበር። ተውኩት።

ዛሬ ሉሁን ሳነሣው ከበደኝ። ቀዘቀዘኝ። አሸተትኩት፣ እርጥብ እንጨት። እማዬን ጠየቅኳት። አጎንብሳ ማሽላ እየለቀመች ነበር። ቀና ሳትል ነገረችኝ። ትናንት ጠዋት የልጇን ጽሑፍ አጥባ ጠጥታዋለች። የታመመ ሰው የሉህ ውሃ እንደሚጠጣው። ልቤ አልረጋ አለኝ፣ እንግዲህ ምን ልጠጣ አለችኝ። ጀርባውን አልነካሁብህም፣ ፊቱን ብቻ ነው ያጠብኩት አለች። እውነትም አልነካችውም፣ መስመሩ እንዳለ አለ። እንጨቱ ግን ውሃ ጠጥቷል።

ወዲያው ገባኝ። እርጥብ እንጨት ኤሌክትሪክ ያሳልፋል። በእርሳሱ ብቻ መፍሰስ የነበረበት በእንጨቱም በኩል ፈሰሰ። ድምፁ ቶሎ ጠፋ። ደካማ የሆነ መሰለኝ። ጣቢያውን የለካሁት በደረቅ ሉህ ነው፣ ጫጫታውን በእርጥብ። ጆሮዬ እውነቱን ሲነግረኝ ውሸታም አልኩት።

ፀሐይ ላይ አስጥቼ መግሪብን ጠበቅኩ። 3 ጣት።

እማዬን ምን እላታለሁ? አጎቴ ቤት ሄድኩ። ስንቁ ተቋጥሮ ደጃፉ ላይ ነበር። ተሳስቻለሁ አልኩ። አጎቴ አልተቆጡም። የስንቁን ቋጠሮ በእጃቸው ደጋግመው ዳሰሱ። እድሪስ አንድ ነገር ብቻ ተናገረ፤ ነገ ደግሞ ስንት ጣት ልሆን ነው?

ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር።

የካቲት 7

ምንም አልለካሁም። ሽቦውንም አላየሁትም።

ት/ቤት ቆመን የጣሊያን መዝሙር ዘመርን። ከንፈሬን ብቻ አንቀሳቅሳለሁ። መምህሩ ለምን እንደምተኛ ጠየቀኝ። ሙቀቱ ነው አልኩ። ሙቀቱም ነው። ወንዙ ቀጥኗል። አሸዋው ላይ የሚፈስሰው ውሃ ቁርጭምጭሚት አይደርስም። ከደብረ ሲና በላይ ግን ደመና መጥቷል፤ መብረቁ ከሩቅ ይታያል። የበልግ ነው መሰለኝ። መብረቅ ባበራ ቁጥር ማዳመጫው ውስጥ እንደሚንጣጣ አውቃለሁ። ሌላ ጫጫታ።

እማዬ ዛሬ ሳቀች። የሳቀችው ለፍየሏ ነው። የሆነ ሆኖ ሳቀች።

አርባው እየቀረበ ነው። ልተወው? አላውቅም ብዬ አንድ ቃል ብናገር ማን ይፈርድብኛል? አጎቴ ራሳቸው ይወስናሉ። እድሪስን ይሰጡታል። እኔ አልሰጠሁትም እላለሁ።

እንደዚያ እያልኩ መኖር የምችል አይመስለኝም። ደክሞኛል፣ ደብተሬ።

የካቲት 9

እድሪስ መጣ። ኩርፊያውን ረስቶታል። አህዮቹን ሳይፈታ ከአጥሩ ማዶ ጠራኝ። ከደብረ ሲና በላይ አርበኞች መንገዱን ቆርጠውታል። የነዳጅ መኪኖቹ አልወረዱም። ሠፈሩ ያለውን ነዳጅ ለመኪና ቆጥቦ ዛሬ ሞተሩን አያስነሣም። ወጥ ቤቱ ገና ካሁኑ ኩራዝ እያበሰ ይራገማል።

ሉሁን በጉንጬ ፈተሽኩ። ደረቅ። በጨርቅም ወለወልኩት። እድሪስ አጥሩ ጥግ ቆሞ መንገዱን ይጠብቅልኛል፤ ሰው ከመጣ ሲኞራን ሊሰድብ ተስማምተናል።

መግሪብ ደረሰ። ጉብታው ጨለማ። ጎርፉ አልመጣም።

ሽቦው ተነቅሎ 20። ተሰክቶ 9። ጣሊያንኛው 4። ከእጥፍ በላይ። በዚህ ሰዓት፣ በዚህች መስሚያ፣ ሞተር በሌለበት ምሽት የሩቅ ጣቢያ ይሰማል። ይህ የእኔ ምኞት አይደለም፣ ሉሁ ነው የሚለው፣ ጆሮዬም ይስማማል።

ከዚያ ቁልፉን ሰ. በምስማር ጭሮ ምልክት ወዳደረገበት አዞርኩት።

ሰው አለ። ወንድ። ይናገራል፣ ያርፋል፣ ይናገራል። ለካሁ፤ 7 ጣት። ጫጫታው 9። እጥፍ አይደለም። ቋንቋው አይለይም። አማርኛ ይመስላል ስል አማርኛ ይሆናል፣ ዐረብኛ ይመስላል ስል ዐረብኛ ይሆናል። መብረቁም በየመሀሉ ይንጣጣል። በታኅሣሥ መብረቅ አልነበረም። ድንጋዮቹም አዲስ ነበሩ። ያኔ ጫጫታው ስንት ነበር? ሰውየው ስንት ጣት ነበር? አላህ ያውቃል። ሰይድ ያውቃል።

እድሪስ ሲኞራን ሲሰድብ ሰማሁ። ነቅዬ ወጣሁ። መንገዱ ላይ ማንም የለም። አህያይቱ እውነትም እግሩን ረግጣው ነው። ሁለታችንም መሬት ላይ ተቀምጠን ሳቅን፤ እስኪያመን ሳቅን። ከዚያ ምን ሰማህ አለኝ።

ሰው አልኩት።

የካቲት 11፣ የአርባው ዱዓ

ድንኳን የለም፣ ጥላው ሥር ነው። ሽማግሌዎቹ ጫታቸውን ይዘው ተቀመጡ። ዱዓው ረዘመ። ሴቶቹ ከመጋረጃው ወዲያ። እትዬ ዘሀራ ከእማዬ አጠገብ ነበሩ።

ከዱዓው በኋላ አጎቴ ወደ መሀል ጠሩኝ። ወላሂ ብለህ ንገረን፣ ሰይድ ሰምቷል? አሉ። ሁሉም ማኘክ አቆመ።

ሲያስጨንቀኝ የከረመው ይኸው ነበር። አንድ ቃል ነው። ወላሂ ብል እድሪስ ይድናል፣ የወንድሜም ስም። ምላሴ እንቢ አለ። በቀስታ ነገርኳቸው። ሞተሩ ካልሠራ በዚያ ሰዓት የሩቅ ድምፅ ይሰማል። እሱ ምልክት ባደረገበት ቦታ የሚናገር ሰው አለ። ቋንቋውን ግን አለየሁም። እሱ ለይቶ ሊሆን ይችላል፤ ያኔ ሰማዩ ጸጥ ያለ ነበር። ሰምቷል ብዬ አልምልም። ሊሰማ ይችል ነበር ብዬ እምላለሁ። ወላሂ።

አንድ ሽማግሌ ጫታቸውን በጉንጫቸው አዛወሩና፣ "ይኼስ ልጅ ከቃዲ ይብሳል፤ ለራሱ ወንድም እንኳ አያደላም" አሉ። አንዳንዱ ሳቀ።

አጎቴ አልሳቁም። ይበቃኛል አሉ። ባንዳ ቢሄድ ይመለሳል ብሎ የሚምልልኝ ማን አለ? ከዚያኛው ይልቅ የዚህ ልጅ "ይችል ነበር" ይሻለኛል።

ተወሰነ፤ እድሪስ አይሰጥም። እንዲህ ቀላል ሆነ። እጄን ስታጠብ እማዬ ውሃ አፈሰሰችልኝ። ውሃው ካለቀ በኋላም ማሰሮውን አዘንብላ ይዛው ቆየች።

የካቲት 12

እድሪስ ማለዳ እንደ ወትሮው አህዮቹን ነድቶ ወጣ። ወደ ወንዙ ሳይሆን ወደ ሸለቆው። ባዶ አቁማዳ ጭኖ። ሲለየኝ ወላሂ ስትል ላብህን አየሁት አለኝ። ሲኞራን ትቶልኛል። ትራገጥብኝና ታስይዘኛለች ብሎ ነው።

አጎቴና ባለቤታቸው ማጀቴ ወደሚባለው መንደር ይሄዳሉ፣ ልቅሶ አለብን ብለው። እማዬንና ትንሿን እህቴን ይዘዋቸው ይሂዱ ተባለ፤ ጣሊያኖቹ እድሪስን ሲፈልጉ መጀመሪያ የሚመጡት ዘመድ ቤት ነው። እኔም ና ተባልኩ። እንቢ አልኩ። ሁላችንም ከሄድን ባዶው ቤት ራሱ ይናገርብናል። እኔ ት/ቤት ስሜ ይጠራል። ከቀረሁ ነገ ይጠይቃሉ። አንድ ሰው ጭስ ማጨስ አለበት።

እማዬ አንድ ልጅ ቀብሬ ሌላውን ትቼ? አለች። ሳምንት ብቻ ነው አልኳት። እሷን ሳይሆን መሬቱን እያየሁ። ወደ ማጀቴ የሚወስደው ጠባብ መንገድ ላይ እስክትሰወር አየኋት። ሁለቴ ዞረች። ሦስተኛ ትዞራለች ብዬ ጠበቅኩ።

የካቲት 13፣ ጠዋት

ብቻዬን ያነጋሁት የመጀመሪያ ቀን።

ሱብሂን ብቻዬን ሰገድኩ። አሚን የሚል ሰው የለም። ፍየሏን ለማለብ ሞከርኩ፤ ግማሹ መሬት ፈሰሰ። ሲኞራን ውሃ ወሰድኳት፣ እንቢ አለች፣ ለመንኳት፣ ጠጣች። እሳት አነደድኩ። የማበስለው የለኝም፤ ለጭሱ ነው። የትናንት ቂጣ በላሁ። ከዚያ ሽቦውን አወረድኩት። ቁርቁራው ላይ የቆየበት ቦታ ልጡን በልቶታል።

እየጠቀለልኩ ሳለሁ እትዬ ዘሀራ ከአጥሩ ማዶ ቆመው አየኋቸው። መቼ እንደመጡ አላውቅም። በአንድ እግራቸው ብቻ ጫማ አድርገዋል። ስም የሚጻፈው ዛሬ ነው። ሁሴን ገና ተኝቷል አሉኝ፤ ልቀስቅሰው ወይስ ልተወው እያልኩ ሌሊቱ ነጋብኝ።

ከመጋረጃው ወዲያ ሆኜ ግማሹን ብቻ ነው የሰማሁት አሉ። "ልጄ፣ አንድ ቃል ንገረኝ። ሰይድ ሰምቷል?"

ሰባት ጣት። ዘጠኝ ጣት። ስለ ሞተሩ፣ ስለ መብረቁ፣ ስለ ድንጋዮቹ ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ። ጥቅሉ ሽቦ እጄ ላይ ነበር። ፊታቸውን አየሁ።

"ሰምቷል" አልኳቸው።

"በአማርኛ?"

"በአማርኛ።"

ከዚህ በፊት ሰው ፊት እንዲህ ያለ ቃል ተናግሬ አላውቅም። አላመሰገኑኝም። ነጠላቸውን እየጎተቱ ሮጡ። በአጥሩ በኩል ሁሴን፣ ሁሴን፣ ተነሥ ሲሉት ሰማሁ፤ እሱም የት ልሄድ ነው በዚህ ማለዳ ሲል። ወደ ሸለቆው አሉት።

አሁን የት/ቤቱ ደወል ይሰማል። ስሜ ሊጠራ ነው። ይህን እየጻፍኩ ያለሁት ቆሜ ነው። የጓሯቸው በር ሲከፈት ሰማሁ፣ የአንድ ሰው እግር፣ በፍጥነት፣ ወደ ሸለቆው።